ምቾትን ኮርቻው ላይ ፈልጌ ጎማው ላይ አገኘሁት

ልጅ ሳለሁ አባቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ውሎ ሲመለስ በር ላይ እጠብቀው ነበር። ሰላም እንኳ በቅጡ ሳልለው ብስክሌቱን ተቀብዬ እሮጣለሁ። ኮርቻው ላይ ለመውጣት ቁመቴ አይደርስም። በአግዳሚው ብረት ሥር እግሬን አሾልኬ፣ ጎኔን አጣምሜ ሰፈሩን እዞራለሁ። ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ ብስክሌት መንዳት የሚያስገርም ነገር አልነበረም፤ ዛሬም አይደለም። ከተማችን ሜዳ ናት። በዘንባባው ጥላ ሥር እየነዱ መሄድ የኖርንበት ነው።

ከዚያ ትምህርት፣ ሥራ፣ ትዳርና ልጆች ተከታተሉና ሃያ ዓመት ያህል ሳልነዳ ቀረሁ። የመለሰኝ ባጃጅ መጠበቅ ነው። ቤቴ ዓባይ ማዶ ነው። የማስተምርበት ትምህርት ቤት ከድልድዩ ወዲህ መሀል ከተማ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ነዳጅ ሲጠፋ ባጃጅ የለም። ባጃጅ ሲገኝ ደግሞ ሰው ይጋፋል። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለብስክሌትና ለእግረኛ የተለየ መስመር ይዞ ሲመጣ ግን ላለመንዳት ምክንያት አጣሁ። ልግዛ አልኩ።

ገዛሁ። ግን የተሳሳተውን ነው የገዛሁት። አሁን ባልደረቦቼ፣ በተለይ ሴቶቹ፣ “የትኛውን ልግዛ?” እያሉ ይጠይቁኛል። አንድ በአንድ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

የመጀመሪያዋ ብስክሌቴ ስትታይ ታምር ነበር። ፊትም ኋላም ሞላ አላት። ጎማዋ ወፍራምና ጥርሳም ነው። 21 ማርሽ አላት። ኮርቻዋ እንደ ትራስ ይሰምጣል። ባለ ሱቁ “ይቺ ሶፋ ማለት ናት” አለኝ። በእጄ ጫን ጫን አድርጌ ኮርቻውን ሞከርኩት። ለሰለሰኝ። ከፈልኩ። ሱቁ ውስጥ ተቀመጥኩባት እንጂ መንገድ ላይ አልነዳኋትም። ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት መቀመጫዬን አመመኝ። ይለመዳል ብዬ ዝም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጉልበቴን ከፊት በኩል ይቀረጥመኝ ጀመር። በወሩ መጨረሻ ትምህርት ቤት ስደርስ መዳፌ እየደነዘዘ ጠመኔ መያዝ ያቅተኝ ነበር። ባለቤቴ “ዕድሜ ነው፣ ተይው” አለኝ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። እውነት መሰለኝ።

ዕድሜ እንዳልሆነ የነገረኝ አንድ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈራችን ጥግ ላይ አንድ ሳጥን መፍቻና አንድ ገንዳ ውኃ ይዘው ነው የሚሠሩት። ጎማ ላስለጥፍ ሄጄ ሳለ ወርጄ ስቆም አዩኝ።

“ልጄ፣ ቁመትሽ ስንት ነው?”

“አንድ ሜትር ከስድሳ ሁለት።”

“ይቺ ሳይክል እኮ የረጅም ወንድ ናት” አሉኝ። የኮርቻው ምሰሶ የሚገባበት ቧንቧ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አሳዩኝ፤ 19 ይላል። እሱ የአካሉ መጠን ነው፣ በኢንች። ለኔ ቁመት የሚሆነው 15 ወይም 16 ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ብስክሌት እንደ ጫማ ቁጥር እንዳለው አላውቅም ነበር። የጎማውን 26 አይቼ የብስክሌቷ ቁጥር እሱ ብቻ መስሎኝ ነበር።

“ጋሼ፣ ታዲያ ኮርቻውን እኮ ዝቅ አድርጌዋለሁ” አልኳቸው።

“እሱ ነው ጉልበትሽን የጨረሰው።”

ከዚያ ግድግዳ አስይዘው ኮርቻው ላይ አስወጡኝ። ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ፣ ፔዳሉን ወደ ታች አውርጂ አሉኝ። ፔዳሉ መጨረሻ ታች ሲደርስ፣ ተረከዝ ላዩ ላይ እያለ፣ እግር ቀጥ ማለት አለበት። ስንነዳ የምንረግጠው በእግራችን የፊት ክፍል ስለሆነ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ይቀራል። ትክክለኛው ከፍታ እሱ ነው። የኔ ጉልበት ግን ፔዳሉ ታች ደርሶም በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ታጥፎ ነበር። በዚያ ሁኔታ በቀን አሥር ኪሎ ሜትር ሲረገጥ የጉልበት ፊት መታመሙ አይቀርም። ኮርቻው ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ደግሞ ዳሌ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ያኔ ወገብ ያማል።

ኮርቻውን ዝቅ ያደረግሁት ፈርቼ ነው። ሁለቱም እግሬ መሬት ካልነካ እወድቃለሁ ብዬ። ብዙ ሰው እንዲሁ ያደርጋል፤ ሱቅ ውስጥም ሲሸጡ “እግርሽ መሬት ይነካል?” ብለው ነው የሚለኩት። ጋሼ ያስተማሩኝ ሌላ ነው። ስትቆሚ ኮርቻው ላይ እንደተቀመጥሽ አትቁሚ። ፍሬን ያዢ፣ ከኮርቻው ወደ ፊት ውረጂ፣ አንድ እግርሽን መሬት አሳርፊ። ለመነሳት አንዱን ፔዳል ከፍ አድርገሽ እርገጪው፣ ያው ራሱ ኮርቻው ላይ ያወጣሻል። ሁለት ቀን ግቢያችን ውስጥ ተለማመድኩት። ፍርሃቱ ጠፋ።

የጉልበቴ ነገር በዚህ ተሻለው። መዳፌ ግን አልዳነም። አግዳሚው ብረት ረጅም ስለሆነ መሪውን ለመያዝ እዘረጋለሁ፤ ክብደቴ በሙሉ እጄ ላይ ያርፋል፤ በመዳፍ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ይጫናል። ጋሼ የኮርቻውን አፍንጫ አስተካከሉልኝ። ወደ ታች አዘቅዝቆ ነበር፤ እሱም ወደ ፊት እያንሸራተተ እጄ ላይ ይጥለኛል። ኮርቻ ከመሬት ጋር ደልደል ብሎ መቀመጥ አለበት። ትንሽ ረዳ። “የቀረው የብረቱ ርዝመት ነው፤ እሱን አልቆርጠው። ሽጫት” አሉኝ።

ሸጥኳት። ለአንድ ረጅም ወጣት። እሱ ላይ በጣም ነው ያማረችው።

ሁለተኛዋን ስፈልግ አልቸኮልኩም። ሃይብሪድ የሚባለውን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሃይብሪድ ማለት በውድድር ብስክሌትና በማውንቴን መካከል ያለ ነው። የውድድሩ ጎማ ቀጭን፣ መሪው ዝቅ ያለና ወደ ታች የታጠፈ ነው፤ ለፍጥነት የተሠራ። ማውንቴን ደግሞ ለጫካና ለድንጋይ ነው፤ ጥርሳም ጎማው አስፋልት ላይ እየጮኸ ጉልበት ይበላል። ሃይብሪድ ከሁለቱ ይወስዳል። መሪው ቀጥ ያለና ከፍ ያለ ነው። ጎማው መካከለኛ ስፋት አለው፤ መሀሉ ለስለስ ያለ ነው። ከኋላ ዕቃ መጫኛና የጭቃ መከላከያ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ጠዋት ደብተር ጭኖ ሥራ ለሚሄድ፣ ማታ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ ለሚመለስ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ወደ ጎማው።

የባሕር ዳርን መንገድ እናውቀዋለን። ዋናው አስፋልት ደህና ነው። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ስንገባ ግን ኮብልስቶን ነው። የኔ ሰፈር መንገድ እንዳለ ኮብልስቶን ነው። የመጀመሪያዋ ብስክሌቴ ሁለት ሞላ እያላት ኮብልስቶን ላይ ጥርሴን ታንቀጫቅጨው ነበር። ለምን? ርካሽ ሞላ ጉድጓድ ላይ ይሰምጣል እንጂ እንደ ኮብልስቶን ያለውን ትንንሽና ፈጣን ንዝረት አይውጥም። ንዝረቱን የሚውጠው ከሁሉ በፊት ድንጋዩን የሚነካው ነገር ነው፤ ጎማው። ሰፊ ጎማ ውስጥ ብዙ አየር ስላለ በዝቅተኛ ግፊት መንዳት ይቻላል፤ ድንጋዩ ላይ ተጎንብሶ ያልፋል። ቀጭን ጎማ ግን በኃይል ካልተነፋ ቸርኬው ድንጋይ ይመታል፤ በኃይል ከተነፋ ደግሞ እንደ ድንጋይ ይሆናል።

ጎማው ጎን ላይ ቁጥር አለ። የሃይብሪድ ብዙ ጊዜ 700 ብሎ ይጀምርና ስፋቱን በሚሊ ሜትር ይከተላል፤ ለምሳሌ 700x32 ወይም 700x40። ለኛ መንገድ ምክሬ ከ38 በታች እንዳትወርዱ ነው። የኔ 42 ነው። እዚያው ጎን ላይ የሚፈቀደው የአየር መጠንም ተጽፏል። እኔ ስድሳ አምስት ኪሎ ነኝ፤ ከፊት 40፣ ከኋላ 45 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያው ነው) አስነፋለሁ። የከበደ ሰው ትንሽ ይጨምራል። ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ቁጥሩን ተናገሩ። የመኪና ጎማ የለመደ ልጅ ዝም ብሎ ድርቅ እስኪል ይነፋዋል፤ ያኔ ያ ሁሉ ምቾት ድራሹ ይጠፋል። ከኔ ጋር የምትሠራ አንዲት መምህርት “ብስክሌቴ ታንገጫግጨኛለች” ብላ ልትሸጣት ደርሳ ነበር። አየር ብቻ አስቀነስኩላት። ዛሬም ትነዳታለች።

ስለ ጎማ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙዎች ሳያስቡት ስለሚቀር። እኔ ያየሁት የአየር መሙያ ቫልቭ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ መኪናው ወፍራም ነው። ሌላው ቀጭን ነው፤ ጫፉ ላይ የምትፈታ ትንሽ ብሎን አለችው። ቀጭኑ የጎሚስታው ቱቦ አይገባለትም። የኔ ቀጭኑ ነው። ትንሽ የነሐስ ማገናኛ ገዝቼ ከቁልፌ ጋር አስሬ ነው የምዞረው። መምረጥ ከቻላችሁ ወፍራሙን ምረጡ። የጎማ ቁጥሩንም ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈር ውስጥ ጠይቁ። እኔ ስፈልግ የ26 ኢንች ጎማና ካላማዳሪያ በየሱቁ አገኘሁ። የ700 ሰፊው ግን ሁለት ሦስት ቦታ ዞሬ ነው። ስለዚህ መለዋወጫ ካላማዳሪያ ቤት አስቀምጫለሁ። መጠኑ የሚስማማችሁ፣ ለስላሳ ጎማ የተገጠመለት፣ መሪው ከፍ ያለ የ26 ብስክሌት ካገኛችሁ እሱም ጥሩ ነው። “ሃይብሪድ” የሚለው ስም ካልተጻፈበት ብላችሁ አትተዉት።

ኮርቻ። አሁን ያለኝ ኮርቻ ከበፊቱ ጠንከር ያለ ነው። ማንም አያምነኝም፤ ግን እውነት ነው። ስንቀመጥ ክብደታችንን የሚሸከሙት ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። ኮርቻው በጣም ለስላሳ ከሆነ አጥንቶቹ ይሰምጡና ስፖንጁ መሀሉን ወደ ላይ ይጫናል። ለአሥር ደቂቃ ይመቻል፣ ለግማሽ ሰዓት ያቃጥላል። ለአጥንቶቹ የሚበቃ ስፋት ያለው፣ ጠንከር ብሎ ለስለስ ያለ ይሻላል። ቀና ብሎ ለሚነዳ ሰው ሰፋ ያለ፣ ጎንበስ ብሎ ለሚነዳ ጠበብ ያለ። በሱቅ ውስጥ በእጅ ተጭኖ ኮርቻ መምረጥ እንጀራን በሩቁ አይቶ ኮምጥጧል፣ ለስልሷል እንደማለት ነው።

ለሴቶች ደግሞ ስለ ብረቱ ቅርጽ ልንገራችሁ። አግዳሚው ዝቅ ያለ ወይም የታጠፈ አለ። እኔ ቀሚስ ለብሼ ነው የምነዳው። እግሬን በኋላ በኩል አንስቼ መሻገር አልፈልግም፤ ከኋላ ቅርጫትም አለብኝ። ዝቅ ያለውን መረጥኩ። “የሴት ሳይክል” ይሉታል እንጂ ጉልበቱን የሚያመው ወንድም፣ ልጅ ከኋላ የሚያስቀምጥ አባትም ይጠቀምበታል። አግዳሚው ከፍ ያለውን የምትመርጡ ከሆነ ደግሞ ብረቱን በእግራችሁ መካከል አድርጋችሁ ቁሙ። በብረቱና በሰውነታችሁ መካከል ቢያንስ ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር። ድንገት ስትቆሙ ዋጋው ይገባችኋል።

ማርሽ ላይ ብዙ አልቆይም። ሃያ አንድ ማርሽ ለባሕር ዳር ትርፍ ነው፤ ግማሾቹ ተደራራቢ ናቸው። ከኋላ ሰባት ወይም ስምንት ይበቃል። እኔን ዳገት የሚያጋጥመኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቼ ጋር ቤዛዊት ኮረብታ ስወጣ ነው። እዚያ ግማሽ ላይ ወርጄ ብገፋም ቅር አይለኝም። ከላይ ሆኖ ዓባይን ማየት ያለው ደስታ ይበልጣል።

ፍሬን ግን ቁም ነገር ነው። ሦስት ዓይነት አየሁ፤ ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዝ፣ በሽቦ የሚሠራ ዲስክ፣ በዘይት የሚሠራ ዲስክ። የዘይቱ ከሁሉም ይበልጣል፣ በአንድ ጣት ይቆማል። አልገዛሁትም። ጋሼን “ቢበላሽ ይሠሩልኛል?” ብዬ ስጠይቃቸው “ዘይቱን መሙያ የለኝም ልጄ” አሉኝ። ለኔ ውሳኔው እዚያ አለቀ። የምትጠግኑበት ሰው የማይሠራውን ነገር አትግዙ። የኔ ቸርኬ የሚይዘው ነው፤ ላስቲኩ በርካሽ ይገኛል፣ ራሴም እቀይረዋለሁ። ጉድለቱ ዝናብ ነው። ሐምሌ ላይ ቸርኬው ውኃ ሲጠጣ መጀመሪያ አይዝም። መስቀለኛ መንገድ ከመድረሴ በፊት ቀስ አድርጌ ነካ ነካ አደርገውና ውኃውን እጠርገዋለሁ፤ ከዚያ ይይዛል። ክረምቱን ሙሉ በዋናው መንገድ ለሚመላለስ ሰው በሽቦ የሚሠራውን ዲስክ እመክራለሁ።

የገዛኋት ያገለገለች ናት። ጋሼን ይዤ ሄድኩ፣ የቀን ገቢያቸውን ከፍዬ። እሳቸው ያዩትን ልንገራችሁ። ፊቷን አንስተው ጎማውን አሽከረከሩ፤ ቸርኬው ፍሬኑ አጠገብ ሲያልፍ ይወዛወዛል ወይ ብለው። የፊት ፍሬን ይዘው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዘወዟት፤ የመሪው ኩሽኔታ የላላ እንደሆነ ኳ ኳ ይላል። የፔዳሉን ክንድ ወደ ጎን ገፉት። ሰንሰለቱን ከፊተኛው ጥርስ ላይ ወደ ፊት ሳቡት፤ ብዙ ከተነሳ አልቋል ማለት ነው፣ የኋላውንም ጥርስ አብሮ በልቶታል። የኮርቻውን ምሰሶ አወጡት፤ ዝጎ የተጣበቀ ምሰሶ ለቁመታችሁ አይስተካከልም። ሲመልሱትም ምሰሶው ላይ ያለውን መስመር አሳዩኝ። መስመሩ ከቧንቧው ውጭ እስኪታይ ድረስ ማውጣት አደጋ ነው፤ ሊሰበር ይችላል። በመጨረሻ ከመሪው ሥር ያለውን ብየዳ በጣታቸው ዳሰሱ። ቀለሙ እዚያ ከተሸበሸበ ብስክሌቷ ተጋጭታለች ማለት ነው። የመጀመሪያዋን ያየናትን የተውናት በዚህ ነው። ታምር ነበረች፤ ቀለሟ ግን ተሸብሽቧል።

አንድ ክፉ ቀን ነበረኝ። የጊዮርጊስ ዕለት ጠዋት ነጠላዬን ተከናንቤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ጫፉ ከኋላ ጎማው ውስጥ ገባ። ጎማው ቀጥ አለ። በቀስታ ስለነበርኩ በክርኔ ብቻ ወደቅሁ። ከኋላዬ ባጃጅ ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። በማግሥቱ ጋሼ የሰንሰለት መሸፈኛ አሰሩልኝ፤ ከኋላ ጎማው ጎንና ጎንም መረብ አደረጉልኝ። ነጠላዬን አሁን አጣጥፌ ቅርጫት ውስጥ ነው የማደርገው፤ ስደርስ እለብሳለሁ። እባካችሁ እህቶቼ፣ ይህን መጀመሪያ አሠሩ። ከኮርቻውም ከማርሹም በፊት።

ቀና ብሎ መንዳት ዋጋ እንደሚያስከፍልም አልደብቅም። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚመጣው ነፋስ ደረቴን ይመታዋል። የሐይቁን ዳር ይዤ ስመለስ ጎንበስ ብሎ የሚነዳው ወጣት በጎኔ ያልፋል። ማርሽ አቅልዬ ቀስ እላለሁ። ግን ቀና ስል ባጃጁ ከየት እንደሚመጣ አያለሁ፣ አንገቴንም አዙሬ ኋላዬን አያለሁ። ቤት ስደርስም እጄ እጄ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ያቺ አየር ያስቀነስኩላት መምህርት እህቷን ይዛ መጣች፤ ብስክሌት ልታስመርጠኝ። ሁለት ሱቅ ገባን። በመጀመሪያው “ተቀመጪና እዪው፣ ማውጣት አይቻልም” አሉን። አመስግነን ወጣን። በሁለተኛው ልጅቷ መታወቂያዋን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና “ኮብልስቶኑ ድረስ ሄጄ ልምጣ” አለች። ባለ ሱቁ መታወቂያውን አየ፣ እኛን አየ። ብስክሌቷን ራሱ አውጥቶ ደረጃውን አወረደላት።